ከበርበሬው በላይ የተኛው ደመና

ባልንጀራዬን ሰነፍ ያልኳት ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ነው። ያውም አፍንጫ የምትልጥ የታኅሣሥ ፀሐይ። ግድግዳውን ተደግፌ፣ እግሬን ዘርግቼ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ «በርበሬው እስካሁን ለምን አልደረቀም?» አልኳት።

«ፀሐይ የለማ» አለችኝ።

«የት ሄዳ?»

«እኔ ምን አውቄ። ከጠፋች አምስት ቀኗ ነው። ወላሂ፣ ሰማዩ እንደ ጣሪያ ተደፍቶብናል።»

«አንቺ ሴት፣ እኔ ደጋው ላይ ሆኜ ፀሐይ እየጠበሰችኝ፣ አንቺ ቆላ ተቀምጠሽ ፀሐይ አጣሁ ትያለሽ? ተኝተሽ ነው የምትውዪው። አርጅቻለሁ፣ ማገላበጥ አቃተኝ በዪኝ፣ አልቆጣሽም።»

ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። መልሼ ብደውል አላነሳችም። እሷ ደግሞ ስልክ የማታነሳ ሴት አይደለችም፤ ሶላት ላይ ካልሆነች በቀር በሁለተኛው ጥሪ ታነሳለች።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይህንን እኔ እያወራሁ የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። የማይመቻትን እንዳትዘልብኝ ከጎኗ ቁጭ ብዬ «መልሰሽ አንብቢልኝ» እላታለሁ። እስካሁን ሁለት ቦታ ይዣታለሁ።

ቤቴ አንኮበር ነው፤ ግን ገደሉን አያይም። ከጋራው ጀርባ ወደ ደብረ ብርሃን በኩል ያለው ሜዳ ላይ ነኝ። ባልንጀራዬ ደግሞ ከገደሉ ሥር፣ አልዩ አምባ ነው ቤቷ። ከልጅነታችን ጀምሮ የምንተዋወቀው በገበያ ነው። እኔ ገብስ ይዤ እወርድ ነበር፣ እሷ ከእናቷ ጋር ጨው ትሸጥ ነበር። እሷ መስጊድ፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን፤ ከዚያ ውጪ ያለውን ነገር ሁሉ አብረን ነው ያረጀነው።

በየዓመቱ ኅዳር ሲጋመስ እርጥብ ቀይ በርበሬ ከአልዩ አምባ እገዛለሁ። ግን ወደ ቤቴ አላመጣውም። እሷ ግቢ ይሰጣል፣ እዚያው ይደርቃል፣ ከዚያ ነው በአህያ የሚወጣልኝ። እኛ ዘንድ ቀን ፀሐይ ብትኖርም ሌሊት ውርጭ አለ፤ ውርጭ ያገኘው በርበሬ እንደ ተቀቀለ ይልፈሰፈሳል፣ ቀለሙም ይጠፋል። ስለዚህ የኔ በርበሬ እሷ ጋ ይደርቃል፣ የሷ በሶ እኔ ጋ ተቆልቶ ይፈጫል። እናቶቻችንም እንዲሁ ሲያደርጉ ነው የኖሩት።

ዘንድሮ ግን በርበሬው የቤት ቀለብ ብቻ አልነበረም። ይቺ የምትጽፈው የልጅ ልጄ ጥር ላይ ልታገባ ነው። አራት ማዳበሪያ ሙሉ ነው የገዛሁት። እሱ ከሻገተ ሌላ እርጥብ በርበሬ የለም፣ ወቅቱ አልፏል። ቢደርቅም ገና መቀንጠስ አለ፣ መደለዝ አለ፣ ማስፈጨት አለ። ተፈጭቶ የተቀመጠ ከገበያ እንዳልገዛ፣ ምን እንደተቀላቀለበት የሚያውቀው የሸጠው ሰው ብቻ ነው። በዚያ የተሠራ ወጥ ለሠርግ እንግዳ አላቀርብም። ስለዚህ ቀኑ ሲሄድ ምላሴ ከፋ።

የልጅ ልጄ ደብረ ብርሃን ሳይንስ ታስተምራለች። ያን ዕለት ለሠርጉ ዝግጅት ቤት መጥታ ስልኩን ሳወራ ትሰማ ነበር።

«እምዬ፣ ለምን ትሰድቢያታለሽ?»

«አልሰደብኳትም፣ መከርኳት።»

«ከዚህ ሆነሽ የሷን ሰማይ እንዴት አወቅሽ?»

«ሰማይ አንድ አይደለም እንዴ?» አልኳት።

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። የሚያስቅ ነገር መናገሬን ያወቅኩት በማግስቱ ነው።

በማግስቱ ቅዳሜ በጠዋት አህያዬን ይዘን ወረድን። ሣሩ ላይ ውርጩ ገና አልቀለጠም፣ ስንረግጠው ይንኮሻኮሻል። ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤያለሁ። ገደሉ አፍ ላይ ስንደርስ ቁልቁል አየሁ። ቆላው የለም። ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው። አንዳንድ ኮረብታ ጫፉ ብቻ ብቅ ብሏል፤ ብርድ ልብስ ውስጥ የተኙ ልጆች ጉልበት ነው የሚመስለው። ፊቱ ደግሞ ልክክ ያለ፣ የረጋ፣ ወተት ፈልቶ ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ የሚጋገረውን ስልባቦት ቁርጥ። ጾም ላይ ስለነበርን ስለ ስልባቦት ማሰቤን ለራሴ ይቅር አልኩ።

«ይኸው የባልንጀራሽ ጣሪያ» አለችኝ።

«ይሄማ የጠዋት ጉም ነው፤ እስክንወርድ ይነሳል። ስንት ዓመት አይቼዋለሁ።»

እውነቴን ነው፣ አይቼዋለሁ። ግን ሁልጊዜ ጠዋት ነው የማየው። አይቼው ወደ ጉዳዬ እሄዳለሁ፣ ረፋድ ላይ ምን እንደሆነ ተመልሼ ጠይቄው አላውቅም።

መውረድ ጀመርን። ትንሽ ስንሄድ ሞቀኝ፣ ጋቢውን ፈታሁ። ሌላ ትንሽ ስንሄድ ጋቢውን አህያዋ ላይ ጫንኩት። መውረድ ማለት መሞቅ ነው፤ ይህንን ማንም አላስተማረኝም፣ እግሬ ነው የሚያውቀው። በቁልቁለቱ ላይ አንድ ገበሬ አለ፣ ስንዴውን ወቅቶ የጨረሰ፤ አውድማው ጥርግርግ ብሎ ባዶውን ተኝቷል። እዚያ ስንደርስ ፀሐይዋ ጀርባዬን ታሸኝ ነበር። ሰላም ብለነው አለፍን።

ከአውድማው በታች አንድ ወይራ አለ። ወይራውን አልፌ አሥር እርምጃ ሳልሄድ ቁርጭምጭሚቴን ብርድ ያዘኝ። ከዚያ ጉልበቴን። ምንጭ ውስጥ እንደምገባ ከሥር ወደ ላይ ነው የመጣው። ዓይኔን ባነሳ ፀሐይ የለችም፤ አህያዋ እንኳ ጅራቷ ነው የሚታየኝ።

ቆምኩ። ተመልሼ ወደ ወይራው ወጣሁ። ሞቀኝ። ወረድኩ። በረደኝ። ጋቢዬን ለበስኩ፣ ወጣሁ፣ አወለቅኩ፣ ወረድኩ። ገበሬው ከአውድማው ሆኖ ሲያየኝ ቆይቶ ኖሯል።

«እማማ፣ ምን ጠፋብዎት?»

«ሙቀቱ የሚያልቅበትን ቦታ ነው የምፈልገው።»

«አገኙት?»

«ይኸው፣ ከወይራህ በታች ነው። መሬቱ ያንተ ከሆነ ድንበሩን እወቀው።»

ሰውዬው እየሳቀ ወረደ። የልጅ ልጄ ደግሞ ወደ ታች፣ ጉሙ ዳር ወዳለች አንዲት ጎጆ በእጇ አሳየችኝ። ከክዳኗ ጭስ ይወጣል። ጉሙን በስቶ ቀጥ ብሎ፣ ነፋስም ሳይነካው ይወጣና ድንገት ሳንቃ እንደ ገጠመው ይቆማል። ከዚያ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይተኛል። አየሁት፣ አየሁት፤ ምን እንደገጠመው አይታይም።

«ምንድን ነው የመታው?» አልኳት።

«ሞቃት አየር» አለችኝ። «እምዬ፣ አሁን ከላይ ያለው አየር ቀስ እያለ ወደ ታች እየወረደ ነው። ሰፊ ነው፣ አገሩን ሁሉ የያዘ ነው። ሲወርድ ይታመቃል፣ ሲታመቅ ይሞቃል።»

«እሳት ሳይነካው?»

«የብስክሌት ጎማ ሲነፋ መንፊያው አይሞቅም?»

«እኔ ብስክሌት የት አውቄ?»

ገበሬው ጣልቃ ገባ። «ይሞቃል እማማ። ወጣት ሆኜ ብስክሌት ነበረኝ፣ ጫፉ እጄን ያቃጥለኝ ነበር።»

ምስክር ከተገኘ ብዬ ተቀበልኩ። እሷም ቀጠለች። የታችኛው አየር ሌሊቱን ቀዝቅዟል፣ እርጥበት ጠጥቷል፣ ከብዷል። ልነሳ ቢል ከላይ ያ የሞቀው ክዳን ሆኖበታል። ወደ ላይ መሄድ ሲያቅተው ወደ ጎን ይዘረጋል። ክረምት ላይ ክዳን ስለሌለው ደመናው እንደ ነዶ ክምር እየተቆለለ ይወጣል፣ ይጮኻል፣ ይዘንባል። አሁን ግን ክዳን ስላለው እንደ ሰሌን ይነጠፋል። የሚበትነው ነፋስ የለም። ፀሐይዋም ላዩ ነጭ ስለሆነ አብዛኛውን ትመታና ትመለሳለች፣ ቶሎ አትበላውም።

«ይሄ የሚወርደው አየር እኔን ለምን አይጫነኝም ታዲያ?»

«ይጫንሻል። ስለለመድሽው አታውቂውም።»

«አያትሽም እንዲሁ ነበሩ።»

ገበሬው ወደ ወይራው ዞረ። የልጅ ልጄ ይህንን አልጽፍም ብላ ነበር፤ ጽፋዋለች።

አንድ ነገር ግን አልገጠመልኝም። «ቆይ፣ ሙቀቱ ከላይ ከሆነ እኔ ቤት ውርጩ ምን ይሠራል? እኔም እኮ ከላይ ነኝ።»

ይህንን ስጠይቃት ፊቷ በራ። የተማሪ ጥያቄ ሲያስደስታት እንዲህ ነው መሰለኝ። «ያንቺ ቤት ሜዳ ላይ ነው። ሰማዩ ሲጠራ መሬቱ ሙቀቱን ሌሊቱን ሁሉ ይለቀዋል፣ ክዳኑ እንደተነሳ ድስት። የቀዘቀዘው አየር ደግሞ መሄጃ ስለሌለው እዚያው ሜዳው ላይ ይተኛል። እዚህ ግን ቁልቁለት ነው። ብርዱ እንደ ውኃ ወደ ታች ይፈሳል እንጂ አያድርም።»

«እሱስ እውነት ነው» አለ ገበሬው። «የኔን ባቄላ ውርጭ መትቶት አያውቅም።»

እኔም ቃሉን ያዝኩት።

ጉሙ ውስጥ ገብተን ወረድን። ቅንድቤ ላይ ውኃ ያዘ፣ አህያዋ ረጠበች። ብዙ ከሄድን በኋላ ከሥሩ ወጣን፤ ምድሩ ይታያል፣ ሰማዩ ግን ግራጫ ሆኖ ኮረብታዎቹን ከወገባቸው ቆርጧቸዋል። እኩለ ቀን ሊሆን ነው፣ የሚነሳ አይመስልም። ከላይ ጥጥ የመሰለው ነገር ከታች የድስት ቂጥ ነው።

ባልንጀራዬ ግቢዋ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። በርበሬው ከፊቷ ተሰጥቷል። አላነሳችም ዓይኗን።

«ሰነፏ ቤት መጣሽ?»

«መጣሁ። ተኝተሽ ከሆነ ልቀሰቅስሽ ነበር።»

ጨርቅ ይዛለች፤ አንዷን በርበሬ ታነሳለች፣ ትጠርጋለች፣ ገልብጣ ታስቀምጣለች። ሌላዋን ታነሳለች። ጣቶቿን አየሁ። አብጠው ቀልተዋል፤ በርበሬው ልጧቸዋል። አራት ማዳበሪያ በርበሬ፣ አንድ በአንድ፣ አምስት ቀን ስትጠርግ ነው የከረመችው። አንዳንዱ ግን ከእንብርቱ ላይ ነጭ ነጭ ጀምሮታል።

እኔ ምላሴ ለቀልድ እንጂ ለይቅርታ አይፈታም። አጠገቧ ተቀመጥኩና ጨርቅ አንስቼ መጥረግ ጀመርኩ። የልጅ ልጄም ተቀመጠች። ሃያ በርበሬ ያህል ከጠረግኩ በኋላ ነው ያ ወይራ የመጣልኝ።

«በርበሬው ይጫን» አልኩ።

«ወዴት?» አለች ባልንጀራዬ።

«ወደ ፀሐይዋ። ወደ ላይ።»

«ደጋ? ውርጭ ሊበላው? አሁንስ አንቺ ነሽ ያረጀሽው።»

«ደጋ አላልኩም። ከውርጩ በታች፣ ከደመናው በላይ። አንድ አውድማ አለ፣ ባዶውን ፀሐይ ይሞቃል። ባቄላ እንኳ ውርጭ አይነካበትም።»

የልጅ ልጄን አየኋት። አፏን ከፍታ ታየኛለች። «ይህንን እኔ ነበርኩ ማሰብ የነበረብኝ» አለች።

«አንቺ አስተምሪ» አልኳት፣ «ማሰቡን ለኛ ተዪው።»

ባልንጀራዬ ብድግ አለች። «እኔም እመጣለሁ። ትተኛለሽ ለምትለኝ ሴት በርበሬዬን አምኜ አልሰጥም።»

«በርበሬው የኔ ነው እኮ።»

«አምስት ቀን ያሸሁትን?»

የኔ አህያና የሷ ሁለት ተጫኑ። በመንገድ ያገኘን ሰው ሁሉ ይስቃል። በርበሬ ከቆላ ወደ ደጋ ሊሰጣ ሲወጣ አይተው አያውቁም። አንዱ ሹፌር መኪናውን አቁሞ «እማማ፣ ፀሐይዋ ወደዚያ ናት እንዴ?» አለኝ፤ «ተከተለን፣ እናሳይሃለን» አልኩት።

ከጉሙ ስንወጣ ባልንጀራዬ ቀድማኝ ነበር። ራሷ ብቅ አለ፣ ከዚያ ትከሻዋ፣ ከዚያ ቆመች። ሰባ ዓመት ከሥሩ የኖረች ሴት ላዩን አይታው አታውቅም። ደመና የተደፋ ቀን ማን ብሎ ዳገት ይወጣል? ፊቷን ወደ ቆላው መለሰች። ነጩ ሜዳ ከእግሯ ሥር ጀምሮ እስከ ሰማይ ዳር ተዘርግቷል፣ ፀሐይዋም ላዩ ላይ ታንጸባርቃለች።

«ይሄ ነው የተጫነን?» አለች ቀስ ብላ።

«እሱ ነው።»

«ከታች እኮ ጥቁር ነው።»

«አዎ።»

«ቤቴ የት ጋ ነው?»

በበትሬ በግምት አሳየኋት። ረጅም ሰዓት አየችው። ከዚያ ጥቂት ወረደችና ወይራው ሥር እጇን ወደ ጉሙ ሰደደች፣ አወጣች፣ አየችው። እግሯ ጉሙ ውስጥ፣ ራሷ ፀሐይ ላይ ነው። «ግማሽሽ ቆላ ግማሽሽ ደጋ ሆንሽ» ብላት «የታችኛው ግማሽ ነው የበረደው፣ አልሐምዱሊላህ፣ በርበሬ የሚጠርገው የላይኛው ነው» አለች።

ገበሬው አውድማውን ፈቀደልን፣ ለቤቱ የሚሆን በርበሬ እንድናደርቅለት ብሎ። ሚስቱም ቤቷን ከፈተችልን። ሦስት ቀን እኔና ባልንጀራዬ ከደመናው ዳርቻ ተቀምጠን በርበሬ ጠበቅን። እሷ ወተት ትጠጣለች፣ እኔ እያየኋት በሶ እበላለሁ። «ስልባቦቱ ይጣፍጣል» ትለኛለች ሆን ብላ፣ ጾሜን እያወቀች።

የልጅ ልጄ ወደ ሥራዋ ተመልሳ በየእረፍቱ ትደውል ጀመር። «እምዬ፣ ደመናው የት ደረሰ?» ጠዋት ወይራው ሥር ነው፣ ከሰዓት ሲሆን ከወይራው በታች ወዳለው ትልቅ ድንጋይ ዝቅ ይላል፣ ማታ ተመልሶ ይወጣል። እነግራታለሁ። አንድ ቀን የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ለተማሪዎቿ አሰማችኝ ለካ። አንዷ ተማሪ «እማማ፣ ደመና ውስጥ ሲገባ ምን ይሸታል?» አለችኝ። አሰብኩና «እርጥብ አህያ» አልኳት። ክፍሉ ሁሉ ሲስቅ ሰማሁ። እውነቴን ግን ነው፣ አህያዬ ከፊቴ ነበረች።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በርበሬ አንስቼ ጆሮዬ ጋ ነቀነቅኩት። ፍሬው ከውስጥ ተንሿሿ። ሌላ አነሳሁ፣ እሱም። ለባልንጀራዬ ሰጠኋት፣ እሷም ነቀነቀች።

«አንድ ቃል ይቀርሻል» አለችኝ በርበሬውን ሳትጥል።

«የምን ቃል?»

«ታውቂዋለሽ።»

ጣቶቿ ገና አልዳኑም ነበር። ሁሉንም ቀልድ በልቤ ፈለግኩ፣ አንድም አልመጣልኝም።

«ፀሐይ አልነበረችም» አልኳት።

«አልነበረችም» አለች። በርበሬውን መልሳ አስቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ክፉ ቃል አልወጣትም፤ ቀልድ ግን ወጥቷታል።

እኛ ስንጭን በአፋር በኩል ነፋስ መጣ። ደረቅ ነው። ነጩ ሜዳ መጀመሪያ ተሸበሸበ፣ ከዚያ እዚህም እዚያም ተበጣጠሰ። በአንዱ ቀዳዳ ውስጥ የቆርቆሮ ክዳን ብልጭ አለ። «የኔ ነው» አለች ባልንጀራዬ። የሷ ይሁን የጎረቤቷ ከዚያ ርቀት ማን ያውቃል፤ ያንቺ ነው አልኳት። እኔ በትሬን የቀሰርኩት ግን ሌላ ቦታ ነበር።

ከአራቱ ማዳበሪያ የአንዱ ግማሽ ያህሉ ተበላሽቷል፤ ነጭ የጀመረውን ለቅመን ጣልን። የቀረው ለሠርጉ በቃ። ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም እንግዳ ለየብቻ ታርዶ ለየብቻ ተሠራ፣ በሁለቱም ድስት ውስጥ የገባው በርበሬ ግን ያው ከወይራው በላይ የደረቀው ነው። ባልንጀራዬ ሰሐኗን ይዛ እንግዳ መሐል «ይሄ ወጥ ደመና ላይ ተቀምጦ የመጣ ነው» ስትል ሰዎች እንደ ተረት ሰሟት። እኔም አላስረዳሁም።

አሁን ጠዋት ጠዋት፣ ጉልበቴ ሲፈቅድልኝ፣ ገደሉ አፍ ድረስ እሄዳለሁ። ረፋድ ላይም ተመልሼ እሄዳለሁ፤ ይነሳ እንደሆነ ማየት አለብኝ። ባለፈው ሳምንት ከዳር እስከ ዳር ተነጥፎ አገኘሁትና ደወልኩላት።

«ያንቺ ሰማይ እንዴት አደረ?»

«ጨልሟል» አለችኝ። «ያንቺስ?»

እኔ ላይ ፀሐይ ነበረች። ከእግሬ ሥር ያለውን ነጭ አየሁና እሷ የት ጋ እንደምትሆን ገመትኩ።

«አምንሻለሁ» አልኳት። «ተኝተሽ ከሆነ ግን ተነሺ።»